ቤንዚንና ናፍጣ በደጋው መንገድ ላይ እንዴት መጓጓዝ እንደሚገባቸው

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሚኖር ሰው መኪና ባይኖረውም እንኳ ኑሮው ከነዳጅ ጋራ የተያያዘ ነው። የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ እህሉን የሚፈጭለት ወፍጮ በናፍጣ ይዞራል፤ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሞተር ብስክሌት በቤንዚን ይሄዳል። ትልቁ ቦቴ ነዳጁን ከጅቡቲ አንሥቶ እስከ ማደያው ድረስ ያመጣዋል። ከማደያው ወዲያ እስከ ገጠሩ ያለውን መንገድ ግን ነዳጁ የሚጓዘው በፒክአፕ ላይ በታሰረ ትንሽ ታንከር፣ በበርሜል ወይም በጀሪካን ነው። ስለ ቦቴው የሚጠነቀቅ ሰው ብዙ ነው፤ ይህን ትንሹን ጭነት ግን ሁሉም ይንቀዋል። እኔም በፊዚክስና በኬሚስትሪ ትምህርት ያገኘነውን ዕውቀት በዚሁ ነገር ላይ አውዬ ለጓደኞቼና ለወላጆቻችን ጥቂት ለመግለጥ አሰብሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ የሚነደው ፈሳሹ ራሱ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚነሣው ተን መሆኑ ነው። ናፍጣ በእሳት የሚያያዝ ተን የሚያወጣው ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው፤ ላምባ ከ38 ዲግሪ ጀምሮ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ ውስጥ እንኳ ይህን ተን ይሰጣል። እንግዲህ የመንዝ ውርጭ የቱን ያህል ቢበረታ ቤንዚንን አደገኛ ከመሆን አያግደውም ማለት ነው። ደግሞም የቤንዚን ተን ከአየር ከ3 እስከ 4 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፤ በመኪናው ወለልና በጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ክብሪት የሚጭርለትን ሰው ይጠብቃል።

ተኑ የሚነደው ከአየር ጋራ በልክ ሲደባለቅ ነው። ከ100 እጅ አየር ውስጥ ተኑ 1 እጅ ተኩል ገደማ ከሆነ ይነዳል፤ 7 እጅ ተኩል ገደማ ካለፈ ግን አየር ስለሚያንሰው አይነድም። ከዚህም የተነሣ ባዶ የተባለ የቤንዚን በርሜል ከሙሉው ይልቅ የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። በሙሉው በርሜል ውስጥ ለአየር የሚሆን ቦታ ጥቂት ነው፤ በባዶው ውስጥ ግን ተንና አየር በልካቸው ሊገናኙ ይችላሉ። በደንብ ያልጸዳ በርሜል በብየዳ ሲነካ እንደ ቦምብ የሚፈነዳው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር የአገራችን አቀማመጥ ነው። ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ መኪና ከሙከጡሪና ከለሚ ደጋ ተነሥቶ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዚያም መልሶ ይወጣል። ቤንዚን ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከ1,000 እጅ 1 እጅ ያህል ይሰፋል። እንግዲህ በማለዳ በ10 ዲግሪ ብርድ 200 ሊትር ቤንዚን እስከ አፉ ተሞልቶ፣ በጀማ ቆላ በቀትር 35 ዲግሪ ቢደርስ፣ በ25 ዲግሪ ልዩነት ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ብልጫ ያገኛል። ይህ 5 ሊትር መግቢያ ካጣ ወይ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል፣ ወይ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በቆላ ተዘግቶ የመጣ ጀሪካን በደጋ ሆዱ ይነፋል።

ሦስተኛው የፈሳሹ መናወጥ ነው። 1,000 ሊትር በሚይዝ ታንከር ውስጥ ግማሽ ናፍጣ ቢኖር ክብደቱ 420 ኪሎ ያህል ነው። ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ መኪናው ሲታጠፍ፣ ይህ ሁሉ ክብደት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ መኪናውንም ሊገለብጠው ይችላል። ታንከሩ በውስጡ የተበሱ ግድግዳዎች እንዲኖሩት የሚደረገው ይህን ማዕበል ለመስበር ነው።

ይህን አደጋ ዓለም ካወቀው ቆይቶአል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ አደገኛ ጭነት የመጀመሪያውን መመሪያ ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ነው፤ በ1957 ደግሞ የአውሮፓ መንግሥታት በጄኔቭ ስለዚሁ ስምምነት አደረጉ። በዚያ ደንብ አንድ ሰው ለግል ጉዳዩ የሚይዘው ነዳጅ በአንድ ዕቃ ከ60 ሊትር፣ በአንድ መኪናም ከ240 ሊትር ከበለጠ ሙሉው የአደገኛ ጭነት ሕግ ይጸናበታል። ቤንዚን 1203፣ ናፍጣ 1202፣ ላምባ 1223 የሚል ቁጥር አላቸው፤ ይህም እሳት አጥፊው ከሩቅ አይቶ ጭነቱን እንዲያውቅ ነው። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. ስለ ነዳጅ አቅርቦት አዋጅ ቁጥር 838፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ነዳጅ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1363 ወጥተዋል፤ ያለ ፈቃድ ነዳጅ መነገድ ያስቀጣል።

ከዚህ በላይ ካልነው የሚከተሉት ደንቦች ይወጣሉ።

1ኛ፤ ታንከሩ በገመድ ሳይሆን በብሎን ከመኪናው አካል ጋራ ይታሰር፤ ክብደቱም መኪናው ከሚችለው አይለፍ።

2ኛ፤ ዕቃው እስከ አፉ አይሞላ፤ ከ100 እጅ 5 እጅ ያህል ባዶ ይቅር።

3ኛ፤ ሲቀዳ ሞተር ይጥፋ፤ ሲጋራና ክብሪት ይራቅ። ጀሪካን ከመኪናው ወርዶ በመሬት ላይ ይሞላ፤ በመኪናው ላይ እንዳለ ቢሞላ በሰበቃ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ መሬት ውስጥ ሊገባ ስለማይችል ብልጭታ ይሰጣል።

4ኛ፤ ቤንዚን የነበረበት ዕቃ ለላምባ አይሁን። ጥቂት ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ በኩራዝ ውስጥ ሲገባ ቤተ ሰብ ይፈጃል።

5ኛ፤ መኪናው የዱቄት እሳት ማጥፊያና አሸዋ ይያዝ። ነዳጅ ከውሃ ስለሚቀል በውሃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ያሰፋዋልና ውሃ አይደፋበት።

6ኛ፤ ሰውና ነዳጅ በአንድ ላይ አይጫኑ።

ስለዚህ ስለ መጨረሻው ጥቂት ልጨምር። ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በሚሄድ አንድ የጭነት መኪና ላይ፣ አንዲት እናት ሕፃን አዝለው ከጀሪካኖች መካከል ተቀምጠው አየሁ። ረዳቱን «ወንድሜ፣ ይህ ቤንዚን አይደለም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ክዳኑ ጠብቆአል፣ አይዞህ» አለኝ። ነገር ግን ክዳን ቢጠብቅ የሚሰፋውን ፈሳሽ አያስቆምም፤ የሚነፋውንም ጀሪካን አያድንም። እናቲቱ ይህን ቢያውቁ ኖሮ በዚያ አይቀመጡም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ደግሞም መኪና ተገልብጦ ነዳጅ ሲፈስ ለመቅዳት መሮጥ ከሁሉ የከፋ ነው። በታንዛኒያ በሞሮጎሮ ከተማ በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. ቦቴ ተገልብጦ ሳለ ሕዝቡ ቤንዚን ሊቀዳ ተሰበሰበ፤ እሳት ተነሥቶ ወደ 100 የሚሆኑ ሰዎች አለቁ። በጀሪካን የተቀዳው ቤንዚን ዋጋው ስንት ይሆን ነበር? በዚህ ጊዜ የሚገባው ሥራ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን መሸሽ፣ ሌላውን ማራቅና ለፖሊስ ማስታወቅ ብቻ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ሾፌሩ ደንቡን ከአሠሪው ይማር ይሆናል፤ በጭነቱ ላይ የሚሳፈሩት እናቶቻችንና አባቶቻችን ግን ከእኛ በቀር የሚነግራቸው የላቸውም። ትምህርታችን ከደብተር ወጥቶ ወደ ቤታችን የሚገባው እንዲህ ባለው ነገር ነውና፣ በዚህ ዓመት ዕረፍት ወደ አገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ለአንድ ወፍጮ ቤት ባለቤትና ለአንድ መንገደኛ ይህን እናስረዳ።