ሁለት ኃያላን ሲጣሉ የእኛ ቦታ የት ነው?

ዛሬ በየሻይ ቤቱ «አሜሪካ ታሸንፋለች፤ የለም ቻይና ናት» የሚባለውን ሙግት የሰማ ሰው የጥንቷን መካ ማስታወሱ አይቀርም። ያን ጊዜ ዓለምን የሚሻሙት ሮምና ፋርስ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ602 በተጀመረው ጦርነት ፋርሶች በ613 ደማስቆን፣ በ614 በይተል መቅዲስን ያዙ። የቁረይሽ ሙሽሪኮች ጨፈሩ፤ እሳት አምላኪዎቹ የመጽሐፉን ሰዎች እንዳሸነፉ እኛም ሙስሊሞችን እናሸንፋለን አሉ። ሱረቱ ሩም የተሸነፉት ሮሞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሰው እንደሚያሸንፉ የነገረችን በዚህ ወቅት ነው። አቡበክር (ረ.ዐ) ከአንድ ሙሽሪክ ጋር በግመል እስከ መወራረድ መድረሳቸውን ሙፈሲሮች ያወሳሉ፤ ውርርድ ገና ሐራም አልተደረገም ነበር። ቃሉም ተፈጸመ። ንጉሥ ሂርቀል በ627 መጨረሻ ነነዌ አጠገብ ፋርሶችን ድል ነሳ፤ በ628 ኪስራ በገዛ ልጁ ተገልብጦ ተገደለ።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ሙስሊሞቹ ልባቸው ወደ ሮም ቢያዘነብልም ለሮም አላደሩም። በ615 ግድም መሰደድ ግድ ሲሆንባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሐበሻ ላኳቸው። አክሱም የሮም ወዳጅ እንደነበረች አይካድም፤ ለምርጫው የተሰጠው ምክንያት ግን በንጉሡ ዘንድ ማንም የማይበደል መሆኑ ነበር።

ለኃያላኑ ያደሩት ዐረቦችስ ምን አተረፉ? ገሳኖች የሮምን፣ የሒራ ነገሥታት የፋርስን ድንበር በደማቸው ጠበቁ። ሮም በ580ዎቹ መጀመሪያ የገሳኑን አለቃ ሙንዚርን በክህደት ጠርጥራ አሰረችው፤ ኋላም ወደ ሲሲሊ አጋዘችው። ኪስራ ደግሞ በ602 ገደማ የሒራውን ንጉሥ ኑዕማንን ከዙፋኑ አውርዶ አጠፋው። ሁለቱ መንግሥታት 26 ዓመት ተዋግተው ሲዝሉ ማንም ከቁጥር ያላስገባው ሦስተኛ ወገን ብቅ አለ፤ በ636 የርሙክ ላይ ሮም ተመታች፤ ብዙም ሳይቆይ የፋርስ መዲና መዳኢን ወደቀች።

ወደ ዘመናችን እንመለስ። አሜሪካ በ2003 ዒራቅን ስትወር ምክንያቷ ያደረገችው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት አልተገኘም። ይህን ያየ ወገናችን ቻይናን እንደ ታዳጊ ቢመለከት አይገርምም። ግን በሐምሌ 2019 በሺንጂያንግ ስለታጎሩት የኡይጉር ሙስሊሞች 22 አገሮች ለተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት የተቃውሞ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ከመካከላቸው አንድም ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም የሆነ አገር አልነበረችም። ወዲያው 37 አገሮች ቻይናን የሚደግፍ ደብዳቤ ላኩ። ሳዑዲ ዐረቢያና ፓኪስታን የፈረሙት በዚህኛው ላይ ነው።