ለጥርስ ሐኪሜ ልንገረው?

ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ለትዳር አጋር፣ ለእናት፣ ለወንድም ስለመንገር ብዙ ምክር ይሰማሉ። የጥርስ ሐኪሙን ግን የሚያነሳላቸው የለም። ጥያቄው የሚመጣው መንጋጋ ሲጠዘጥዝ አድሮ በጠዋት ካርድ ለማውጣት ሲኬድ ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ «ሌላ የሚታወቅ ሕመም አለ?» ትላለች። እዚያ ላይ «ለዶክተሩ እነግረዋለሁ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ መልሱ ለወረፋው የሚሰጥ አይደለምና።

ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላስ? ብዙ ሰው የሚያስጨንቀው «ካልነገርኩ ሐኪሙንም፣ ከእኔ በኋላ የሚገባውንም አስይዛለሁ» የሚለው ነው። ስጋቱ የቅን ልብ ነው፤ አሠራሩ ግን በታካሚው ቃል ላይ የቆመ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1987 የማንኛውም ታካሚ ደም ቫይረስ ሊኖርበት እንደሚችል ታስቦ እንዲሠራ መመሪያ አወጣ፤ ዛሬ ይህ በየአገሩ የታወቀ ደንብ ነው። መያዙን ራሱ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ሊናገር ይችላል? ስለዚህ ጓንት በየታካሚው ይለወጣል፣ መርፌ አንዴ አገልግሎ ይጣላል፣ መንቀያው ታጥቦ አውቶክሌቭ በሚባለው ማምከኛ ውስጥ ገብቶ በ121 ወይም በ134 ዲግሪ እንፋሎት ይቀቀላል። ይህ ሂደት ከኤች አይ ቪ እጅግ የሚበረታውንና ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን የሚቆየውን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ጭምር ያጠፋል። ቫይረሱ ያለበት ደም የነካው መርፌ ሐኪሙን ቢወጋው እንኳ ኤች አይ ቪ የሚተላለፈው ከ1,000 አጋጣሚ በ3 ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ያልተከተበን ሰው ከ100 አጋጣሚ ከ6 እስከ 30 ጊዜ ሊይዝ ይችላል። በነገራችን ላይ፣ ታካሚ ሲነግረው ብቻ ዕቃውን «በደንብ» የሚቀቅል ክሊኒክ ካለ መፍራት ያለባቸው ታካሚዎቹ ሁሉ ናቸው።

እንግዲህ መንገር የሚጠቅመው በዋናነት የታመመውን ሰው ራሱን ነው፤ ከሁሉ በፊት በመድኃኒት በኩል። አሁን በአገራችን ፀረ ኤች አይ ቪ አዲስ የሚጀምር አዋቂ በአብዛኛው የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ክኒን ተጠቃለው ነው። ከነቀላ በኋላ የሚታዘዘው አሞክሳሲሊን ከዚህ ክኒን ጋር አይጣላም። የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክ ግን ይታሰብበት። ቴኖፎቪር የሚወገደው በኩላሊት ነው፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊትን ይጫናሉ። ለአንድ ሁለት ቀን ብዙ ላያሳስብ ይችላል። ኩላሊቱ ቀድሞ የደከመ ሰው፣ ወይም ጥርሱን ላለማስነቀል ሲል ለሳምንታት ከየፋርማሲው እየገዛ የሚውጥ ሰው ግን ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራ ብሎ ወደ ሁለተኛው መስመር ለተዛወሩት ነገሩ ይብሳል። ከአታዛናቪር ወይም ከሎፒናቪር ጋር የሚሰጠው ሪቶናቪር ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያፈርስበትን መንገድ ይዘጋል። ፈሪ ታካሚ እንዲረጋጋ በአፍ የሚሰጠው ሚዳዞላም በእንዲህ ያለ ሰው ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ትንፋሽ እስከማዳከም ሊደርስ ስለሚችል ጨርሶ አይሰጥም። ስለዚህ ሐኪሙ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «የለም» ማለት አደገኛ ውሸት ነው።

አፍ ራሱም ይናገራል። ሲፋቅ የሚነሳ ነጭ የፈንገስ ንጣፍ፣ በምላስ ጎን የሚወጣ የማይፋቅ ሸካራ ነጭ ምልክት፣ በድንገት የሚቆስልና የሚበላ ድድ፣ የማይለቅ የአፍ ድርቀት፦ ታሪኩን የሚያውቅ ሐኪም እነዚህን ሲያይ ቅባት አዝዞ አይሸኝም። መድኃኒቱ እየሠራ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ለቫይረስ መጠን ምርመራ ይልካል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ጤንነቱ የተስተካከለና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው ጥርሱን ሊያሳጥብ ብቻ ጎረቤቱ ወደሚሠራበት ክሊኒክ ቢገባና ዝም ቢል ብዙ የሚያጣው የለም። ነቀላ፣ የሚዋጥ መድኃኒት፣ ማረጋጊያ ወይም የአፍ ቁስል ካለ ግን ይንገር። በሩ ተዘግቶ፣ መርፌው ሳይነሳ፣ «ዶክተር፣ ከመጀመርዎ በፊት፤ ፀረ ኤች አይ ቪ እወስዳለሁ፣ በመጨረሻው ምርመራ ቫይረሱ አይታይም» ማለት ይበቃል። የመድኃኒቱን ስምና የመጨረሻውን ውጤት ይዞ መሄድ ነው፤ እንዴት እንደያዘው የሚጠይቀው ካለ መመለስ አይጠበቅበትም። በፍጹም የማያስችለው ሰው ቢያንስ የታዘዘለትን ወረቀት መድኃኒቱን ሳይገዛ ፀረ ኤች አይ ቪ ለሚያስረክበው ፋርማሲስት ያሳይ።

ተነግሮት «እኛ ጋ አይሠራም» የሚል ሐኪምም አለ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሲድኒ አቦትን ጉዳይ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሜይን ግዛት፣ ባንጎር ከተማ፣ ቅጹ ላይ ቫይረሱ እንዳለባት ጻፈች። ሐኪሙ ጥርሷን የሚሞላው ሆስፒታል ውስጥ ብቻ እንደሆነ፣ የሆስፒታሉንም ወጪ እርሷ እንደምትሸፍን ነገራት። ከሰሰችው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 የሕመም ምልክት ያልታየባት ብትሆንም የአካል ጉዳተኞች ሕግ እንደሚጠብቃት ወሰነ፤ አደጋ አለ የሚል ሐኪምም የሚመዘነው በራሱ እምነት ሳይሆን በሕክምና ማስረጃ ነው አለ። በኢትዮጵያም የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። እርግጥ ነው፣ ሕጉ መኖሩ ረዳቷ ለጓደኛዋ እንዳታወራ አያደርግም፤ ካርዱ ላይ ምን እንደሚጻፍና ማን እንደሚያየው አስቀድሞ መጠየቅ የተሻለ ይከላከላል።

ለሐኪሙ ሲባል መናገር የሚያስፈልግበት አንድ አጋጣሚ አለ። መርፌው ከድድ ወጥቶ የሐኪሙን ወይም የረዳቷን ጣት ከወጋ፣ ዝም ብሎ የነበረው ሰው ያኔውኑ ይናገር። መከላከያው መድኃኒት ቢቻል በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል፤ የትኛው እንደሚሰጥ ለመምረጥም ታካሚው የሚወስደውን መድኃኒትና የቫይረሱን መጠን ማወቅ ያግዛል።