ስምን መልአክ ያወጣዋል ብለሽ አትቀመጪ

ነይማ እዚህ ቁጭ በይ፣ የኔ ማር። ወረቀትሽን በትከሻሽ በኩል አየሁት። የጀግናሽን ጉልበት ሞልተሻል፣ ብልሃቱን ሞልተሻል፣ ጦርና ጋሻውን አንድ በአንድ ዘርዝረሻል፤ የስሙ ቦታ ግን ባዶ ነው። ጓደኞችሽ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ይዘው ሲሰበሰቡ «ስሙ ማነው?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ አፍሽ ላይ የመጣልሽን የፊልም ስም ጣል አድርገሽ ልትገላገዪ ነው፣ አይደል? አውቅሻለሁ እኮ! ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ስም አውጪዋ አንቺ ነሽና እጅሽን አጣጥፈሽ መልአኩን አትጠብቂ።

መጀመሪያ፣ ሩቅ አትሂጂ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ እየፈጠሩ የሚጫወቱትን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ሰዎች እንኳ ስም የሚለቅሙት ከአጠገባቸው ነበር። «ድራውሚጅ» የሚሉት አስማተኛ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ጂም ዋርድ ነው፤ አብሯቸው የሚጫወት ሰው። ደራሲው ቶልኪንም «ዘ ሆቢት»ን ሲጽፍ የድንኮቹን ስም፣ የአስማተኛውን የጋንዳልፍን ጭምር፣ ያገኘው ከጥንት የአይስላንድ ግጥም ነው። እሱ የሰሜን አውሮፓን ድርሳን ገለጠ። አንቺ ደግሞ የላስታ ልጅ ነሽ፤ የምትገልጪው ሞልቶልሻል።

ሁለተኛ፣ የአገርሽን ነገሥታት ስም ጮክ ብለሽ አንብቢ። ነአኩቶ ለአብ፦ አብን እናመስግን። ይምርሃነ ክርስቶስ፦ ክርስቶስ ይምራን። ይትባረክ፦ ይባረክ። እያንዳንዱ ስም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተናጋሪ አለው፣ ልመና ወይም ምስጋና አለው። ላሊበላም እንደ ትውፊቱ ሲወለድ ንብ ከቦት፣ ያን ያየች እናቱ ናት ስሙን ያወጣችለት። በአገራችን ስም አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ነገር የተነሣ የተናገረው ቃል ነው። ስለዚህ «ምን የሚያምር ስም ልስጠው?» ብለሽ አትነሺ። «ማን አወጣለት? ምን ሆኖ ሳለ?» ብለሽ ተነሺ። የቀረው ከዚያ ይመጣል፣ እመኚኝ።

ሦስተኛ፣ ልሥራልሽና እዪው። የአሞሌ ነጋዴ ልጅ ነች እንበል፤ አባቷ ጨው በበቅሎ ጭኖ ከሰቆጣ ገበያ ይመላለሳል። ስሟን ማስረሻ እንበላት። ማስረሻ ተብሎ የሚጠራ ልጅ ከሐዘን በኋላ የተወለደ ነው፤ እናት የሞተባትን እንዲያስረሳት ነው እንዲህ የምትለው። ማንን ነው የምታስረሳው? ታላቅ ወንድሟን፤ ከአባቷ ጋር ወጥቶ በመንገድ የቀረውን። ሬሳውን ማን አየ? ማንም። አየሽ፣ ወለላዬ፣ ገና አንድ ዳይስ ሳይጣል የጨዋታው መሪ የሚጎትተው ክር አገኘ፤ ልጅቱም ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ሰው ምትክ ሆና መኖሯን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ዘነበች፣ ማንያዘዋል፣ አይችሉህም የሚሉትንም እንዲሁ ጠይቂያቸው። ዘነበች በተወለደች ዕለት የዘነበው ዝናብ ስንት ዓመት ጠፍቶ የቆየ ነው? አይችሉህም ሲባል የማይችሉት እነማን ናቸው?

አራተኛ፣ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አታምጪብኝ። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው፤ ሚስትም ስታገባ የባሏን አትወስድም። ይህ ለጨዋታ ትልቅ ሀብት ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ የአባት ስም ይዘው ቢገናኙ ጠረጴዛው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል፤ ወንድምና እህት ይሆኑ ወይስ እንዲያው ግጥምጥሞሽ? የአባቱን ስም የማይናገር ሰው ካለም፣ ለምን እንደደበቀው አንቺ ብቻ እወቂው።

አምስተኛ፣ ይቺን ደግሞ በደንብ ስሚኝ። የክርስትና ስም አትርሺ። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ስትጠመቅ የሚወጣው ስም በየሜዳው አይጠራም። ወለተ ሥላሴ፣ ገብረ ጻድቅ፣ ኃይለ ሚካኤል የሚሉት በቤተ ክርስቲያን የሚነሡ ስሞች ናቸው፤ ጎረቤት እንኳ ላያውቃቸው ይችላል። አስማተኛ ደብተራ ድግምት ሊሠራ ሲል የሰውዬውን የክርስትና ስምና የእናቱን ስም ይጠይቃል የሚባለውን ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሻል። እንግዲያው ጀግናሽ የክርስትና ስም ካለው በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ እጠፊና ለመሪው ብቻ ስጪ። ጠላት ያን ስም ካገኘ ይጎዳዋል፤ ወዳጅ ካወቀው ሊያድነው ይችላል። ከማንኛውም የአስማት ሠንጠረዥ ይልቅ ይህ ያስፈራል።

ስድስተኛ፣ ትልልቁን ስም በመጀመሪያው ቀን አትስጪ። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ ያሰኘው የፈረስ ስማቸው ነው፤ አሽከሩም ሲፎክር በዚያው ስም ይምላል። የፈረስ ስም በጦር ሜዳ ይታወቃል። ጀግናሽ ገና ሌባ አሳድዶ ባልያዘበት ቀን «አባ እንዲህ» ብለሽ አታንቆለጳጵሺው፣ ሆዴ። ይጫወት፣ ይቁሰል፣ አንድ ትልቅ ነገር ይሥራ፤ ያን ማታ ጓደኞቹ በአንድ ድምፅ ያውጡለት። ሰው ያወጣለትን ስም ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ተጫዋች በሚቀጥለው ሳምንት ቀድሞ ነው የሚመጣው።

ስሙን የሚለውጥም አለ። የእኛው ዋግሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን በ1860 ዓ.ም ሲነግሥ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተባለ። የወሎው መሐመድ አሊ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሲጠመቅ ሚካኤል ሆነ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ተባለ። ሰው ስሙን ሲለውጥ የድሮውን ማን ይዞ ይቀራል? እናቱ? ባላንጣው? ያን ሰው ፈጥረሽ አስገቢው፤ በድሮ ስሙ ሲጠራው ጀግናሽ ምን እንደሚመልስ ይታይ።

ሰባተኛ፣ ሴቶቹን ሁሉ አበባና ውቢት አታድርጊያቸው፣ እባክሽ። ወሎን በምኒልክ ወጣትነት ያስጨነቁት ሁለት ባላባት ሴቶች ወርቂትና መስተዋት ነበሩ፤ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሲሸሽ ያሳለፈችው ወርቂት ናት። በራስሽ ከተማ በላሊበላም ቤተ አባ ሊባኖስን ንግሥት መስቀል ክብራ በመላእክት እርዳታ አሠራችው ይባላል። የእነዚህ አገር ልጅ ሆነሽ የሴት ገጸ ባሕርይሽን ለጌጥ ብቻ ብትሰይሚ አዝንብሻለሁ። ላቀች፣ በለጠች፣ አስናቀች፣ ማንጠግቦሽ፤ ሁሉም ግሥ ያለባቸው፣ የሚያደርጉና የሚደረግላቸው ሴቶች ናቸው።

ስምንተኛ፣ ለዕቃም ስም አለ። በከተማሽ በቤተ መድኃኔ ዓለም የሚገኘው የወርቅ መስቀል አፍሮ አይገባ ይባላል፤ በ1989 ዓ.ም ተሰርቆ ባሕር ተሻግሮ የተመለሰው እሱ ነው። የቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ሴቫስቶፖል ተባለ፤ ከጋፋት መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት የተጎተተው። የጀግናሽን ጎራዴ እንዲህ ሰይሚው። ስሙ የሚገባውን ተስፋ ይሸከም፤ ያን ተስፋ ይፈጽም አይፈጽም ጨዋታው ይንገረን። የመስቀሉን ስም ራሱን ግን ተይው፣ እሱ ባለቤት አለው።

ዘጠነኛ፣ አሁን የማልታገሥባቸውን ልንገርሽ። የቅዱሳኑን ስም ለሽፍታና ለጭራቅ አትስጪ። ላሊበላ፣ ነአኩቶ ለአብ፣ ይምርሃነ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም በዚህ አገር ዛሬም ታቦት የተቀረጸላቸው፣ ሰው ተንበርክኮ የሚማጸናቸው ናቸው። ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ገብተሽ ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለው ጠበል በድንጋይ ገንዳ ሲጠራቀም፣ እናቶች በጆግ ሲቀዱ አይተሻል፤ የእነሱን ልብ በጨዋታ አታቁስዪ። ሌላው፣ ክፉዎቹን ሁሉ ከአንድ ብሔር ወይም ከአንድ ሃይማኖት ስም አትልቀሚ። ባለፉት ዓመታት በዚህ ተራራ ላይ ያሳለፍነውን ጦርነት ሁላችንም እናውቃለን፤ ጠረጴዛሽ ላይ የሚቀመጠው ልጅ አጎቱ በዚያው ስም ይጠራ ይሆናል። ክፉውም ደጉም ከየአቅጣጫው ይምጣ። ወሎዬ ነሽና እንድሪስም፣ ፋጡማም፣ ሰይድም፣ ይመርም በገበያሽ ውስጥ ይኑሩ፤ ገብሬና ወልዴ ብቻ የሚኖሩበት ወሎ የለም። የአገው ሰው ካስፈለገሽ ደግሞ አገውኛ የሚመስል ድምፅ አትፍጠሪ። የሰቆጣ ሰው ፈልጊና ቡና አፍይተሽ ጠይቂ፤ ላስታን የሠሩት ነገሥታት ከአገው ናቸውና ቋንቋውን ማክበር ያንቺም ዕዳ ነው።

አሥረኛ፣ ስሙን ከመጻፍሽ በፊት ፈትኚው። ወደ ውጭ ውጪና ከገደል ማዶ ያለ ሰው እንደምትጠሪ ጥሪው፤ የመጨረሻውን ድምፅ ሳብ አድርገሽ። ካልተሳበ፣ በጦርነት መሐል ጓደኛሽ ሊጠራው ሲል ምላሱ ይታሰርበታል። ቀጥሎ እናቱ ስታቆላምጠው ምን እንደምትለው በዪው፤ ካሳዬ፣ ገብርዬ፣ ማስሪቱ። ከዚያ ጠላቱ ሲሳደብ። በሦስቱም አፍ ከተለየ ስሙ ሕያው ነው። ደግሞም የሌሎቹን ወረቀት እዪ። ታደሰ፣ ታደለ፣ ታከለ፣ ተስፋዬ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ማን ማንን እንደመታ እስከ ሌሊት ስትከራከሩ ታድራላችሁ። የእያንዳንዱ መጀመሪያ ፊደል ይለያይ።

ይኸው ነው፣ ዓለሜ። ብዙ ያወራሁሽ አንቺ እንደሚገባሽ ስለማውቅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሦስት መስመር ጻፊ፦ ስሙ ማነው፣ ማን አወጣለት፣ በዚያ ቀን ምን ሆኖ ነበር። ጓደኞችሽም እንዲያደርጉት አድርጊ፤ ይሰሙሻል። ሦስቱ መስመር ካልተሞላ ዳይስ እንዳይነሣ። ካነሡ ደግሞ ታላቄ ከልክላለች በዪ፣ እኔ አለሁ።