ዳይናሞው ባትሪ መሙላት ሲያቆም፦ በአሮጌ ትራክተር ላይ የሚደረግ የፊዚክስ ምርመራ

የእርሻ ትራክተር በማለዳ አልነሣ ሲል አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚከሰሰው ባትሪው ነው። አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ እርሱም ይደክማል። ቀጥሎ ዳይናሞው ይለወጣል፤ ጥፋቱ ግን በሬጉሌተሩ ወይም በአንድ የተበጠሰ ሽቦ ላይ ሆኖ ይገኛል። በዚህ መካከል የእርሻው ወቅት ያልፋል፤ ለትክክለኛው ጥገና ሊውል ይችል የነበረው ገንዘብም ያልቃል። በአንድ ቮልትሜትርና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምንማረው የኤሌክትሮመግነጢስ ትምህርት ግን ጥፋቱ ያለበትን ክፍል ምንም ዕቃ ሳንለውጥ ለይተን ማወቅ እንችላለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማሳየት ነው።

ለምሳሌነት የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በእንግሊዝ ሀገር በተሠሩ፣ እንደ ማሲ ፈርጉሰን 35 ባሉ ትራክተሮች ላይ የተለመደውን ባለ 12 ቮልት የሉካስ ዳይናሞ ነው። በኋላ ዘመን ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገኘው አልተርኔተር አሠራሩ የተለየ ስለሆነ ይህ ምርመራ ለእርሱ አያገለግልም።

ዳይናሞው ሥራውን ከየት ይጀምራል?

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ ሽቦ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በጫፎቹ መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል። የቮልቴጁ መጠን በመስኩ ጥንካሬና በእንቅስቃሴው ፍጥነት ይወሰናል። በዳይናሞ ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል አርማቸር ይባላል። መስኩን የሚፈጥሩት ደግሞ በብረት ላይ የተጠመጠሙ የመስክ ጥቅሎች ናቸው፤ እነርሱም ከረንት የሚያገኙት ከዚያው ከዳይናሞው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቮልቴጅ ለማግኘት መስክ ያስፈልጋል፤ መስክ ለማግኘት ደግሞ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። ታዲያ ማን ይቅደም? መልሱ በብረቱ ውስጥ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ብረቱ ጥቂት መግነጢስ ይይዛል፤ ይህም ቀሪ መግነጢስ ይባላል። አርማቸሩ በዚህ ደካማ መስክ ውስጥ ሲሽከረከር አንድ ቮልት እንኳ የማይሞላ ቮልቴጅ ያመነጫል። ይህ ቮልቴጅ በመስክ ጥቅሎቹ ውስጥ ትንሽ ከረንት ይልካል፤ መስኩ ይጠነክራል፤ ቮልቴጁም ይጨምራል። ሂደቱ ራሱን እየመገበ ያድጋል። ይህን መርህ እ.ኤ.አ. በ1867 ቬርነር ሲመንስ በበርሊን፣ ቻርልስ ዊትስቶን ደግሞ በለንደን ለሳይንስ ማኅበራት አቅርበውታል።

ዕድገቱን የሚገታው ሬጉሌተሩ ነው። ቮልቴጁ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ በውስጡ ያለው ኤሌክትሮመግነጢስ መገናኛውን ከፍቶ በመስክ ጥቅሎቹ መንገድ ላይ ሬዚስተር ያስገባል። በዚያው ሳጥን ውስጥ ሁለተኛ ኤሌክትሮመግነጢስ አለ፤ ይህም ካትአውት ይባላል። የዳይናሞው ቮልቴጅ ወደ 13 ገደማ ሲደርስ ዳይናሞውን ከባትሪው ጋር ያገናኛል፤ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ይለያያቸዋል። ይህ ባይሆን ባትሪው በዳይናሞው በኩል ባዶውን ባደረ ነበር። ቮልቴጅን የሚከታተሉት የሁለቱም ጥቅሎች ከሳጥኑ ወደ ትራክተሩ አካል የሚመለሱት በአንድ ሽቦ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ቀላሉን እንመልከት። ቺንጋው አለመላላቱን፣ የባትሪው ጫፎች አለመዛጋቸውን እናረጋግጥ። ባትሪውን በቻርጀር ሞልተን ለጥቂት ሰዓታት ስናሳርፈው 12.6 ቮልት ገደማ ካላሳየ ራሱ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። በመሞላት ላይ ያለ ባትሪ ተቀጣጣይ የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ እሳትና ብልጭታ ሊቀርቡት አይገባም።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተን በዳይናሞው ላይ ካሉት ‹ዲ› እና ‹ኤፍ› ከተባሉት ተርሚናሎች ሽቦዎቹን ምልክት አድርገን እንነቅላለን። ሁለቱን ተርሚናሎች በአጭር ሽቦ እናገናኝና ቮልትሜትሩን በእነርሱና በዳይናሞው አካል መካከል እናደርጋለን። በዚህ ጊዜ ሬጉሌተሩ ከነገሩ ወጥቷል፤ ዳይናሞው ብቻውን ይፈተናል። ሞተሩን አስነሥተን ፍጥነቱን ከዝቅተኛው በዝግታ እንጨምራለን። የሚገታው ስለሌለ ቮልቴጁ ከ20 እንዲያልፍ መፍቀድ አይገባም።

ንባቡ በፍጥነትና ሳይቆራረጥ ከ12 ቮልት በላይ ከወጣ ዳይናሞው ደኅና ነው፤ ጥፋቱ በሽቦዎቹ ወይም በሬጉሌተሩ ሳጥን ውስጥ ይፈለግ።

ንባቡ ከ0.5 እስከ 1 ቮልት ላይ ከቆመ የምናየው የቀሪውን መግነጢስ ሥራ ብቻ ነው። ሂደቱ ተጀምሮ አላደገም፤ ስለዚህ የመስክ ጥቅሉ ተበጥሷል ወይም ከአካሉ ጋር ተነካክቷል። ሞተሩን አጥፍተን፣ ማገናኛውን ሽቦ አንሥተን በ‹ኤፍ› እና በአካሉ መካከል ሬዚስታንሱን እንለካ፤ ጤናማው 6 ኦም ገደማ ነው።

ንባቡ 4 ወይም 5 ቮልት ላይ ከተወሰነ መስኩ ተፈጥሯል፤ የሚጠረጠረው የአርማቸሩ ጥቅል ነው።

ንባቡ ዜሮ ከሆነ የቀሪው መግነጢስ ቮልቴጅ እንኳ አልደረሰንም ማለት ነው። መጀመሪያ ካርቦኖቹ አልቀው ወይም ተጣብቀው እንደሆነ፣ የሚያርፉበት ኮሙታተርም ቆሽሾ እንደሆነ እንይ። እነዚህ ደኅና ከሆኑ ብረቱ መግነጢሱን አጥቶ ሊሆን ይችላል።

የጠፋውን መግነጢስ መመለስ

ሞተሩን አጥፍተን፣ ማገናኛውን ሽቦ አንሥተን፣ ከአካሉ ጋር ያልተያያዘውን የባትሪ ጫፍ በሽቦ ወስደን ‹ኤፍ›ን ለቅጽበት እንነካለን። በኦም ሕግ መሠረት 12 ቮልት ለ6 ኦም ሲካፈል 2 አምፔር ይሆናል፤ ይህ ከረንት ብረቱን እንደገና ለማመግነጥ ይበቃል።

አቅጣጫው ግን ወሳኝ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ ትራክተሮች ላይ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነበር። ዳይናሞው በአንድ አቅጣጫ ተመግንጦ ባትሪው በሌላ አቅጣጫ ከተገጠመ፣ ካትአውቱ ሲዘጋ የሁለቱ ቮልቴጅ ይደመራል፤ ከፍተኛ ከረንት ያልፍና መገናኛዎቹ ይቃጠላሉ። ስለዚህ ባትሪ በተለወጠ ቁጥር የትኛው ጫፍ ከአካሉ ጋር እንደተያያዘ ማጣራት ግድ ነው።

ለአንባቢ የተተወ ጥያቄ

አንድ ዳይናሞ ከላይ የተገለጸውን ፈተና አለፈ። ሽቦዎቹ ሁሉ ወደ ቦታቸው ከተመለሱ በኋላ ግን በ‹ዲ› እና በአካሉ መካከል ያለው ቮልቴጅ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ያለ ገደብ ይወጣል፤ ባትሪው ደግሞ ምንም ከረንት አያገኝም። ሬጉሌተሩም ካትአውቱም በአንድ ጊዜ የተበላሹ ይመስላል። ሳጥኑን አዲስ ለመግዛት ከመወሰናችን በፊት ልንመረምረው የሚገባን አንድ ሽቦ የትኛው ነው? ለምንስ?