ሰነድ የሌለው መልስ፡ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ሐዲስ



ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ይፋ ከሆነ ወዲህ ለአሳይመንትም ለዲን ጥያቄም እሱን መጠየቅ ለምደናል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥቅሙ ብዙ ነው፤ የፕሮቲኖችን ቅርጽ የሚተነብየው አልፋፎልድ ከሠሪዎቹ ሁለቱን ለ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አብቅቷል።

ሆኖም አሠራሩን እንወቅ። ቻትቦት ከተማረው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታል። ግምቱ ሲስት ያልተባለን ሐዲስ «ቡኻሪ ዘግበውታል» ብሎ ከነቁጥሩ ሊያቀርብልን ይችላል። ሳናጣራ በቴሌግራም ለጀመዓው ብናሰራጨው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያላሉትን «ብለዋል» ማለታችን ነው፤ ይህ ደግሞ ከባድ ወንጀል ነው።

የሐዲስ ዑለማዎች ሐዲስ ሲነገራቸው «ከማን ሰማኸው?» ብለው ይጠይቁ፣ የእያንዳንዱን ዘጋቢ ታማኝነትና የማስታወስ ችሎታ ይመረምሩ ነበር። የቻትቦት መልስ ግን ሰነድ የለውም። በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ታዘናል፤ ትእዛዙ እዚህም ይሠራል።

ስለዚህ ሐዲስ ሲሰጠን ኪታቡን ከፍተን ቁጥሩንም ቃሉንም እናመሳክር፤ ካላገኘነው አናስተላልፍ። ብይኑን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። ለአሳይመንት የሚጠቅስልንንም ጥናት ራሱን ፈልገን ሳናነብ አንጥቀስ።

ወላሁ አዕለም።