ውጤት ሲዘገይ አእምሮ ማንን ያመሰግናል?

ያለፈው የፈተና ውጤት በተለጠፈ ጊዜ ሰሌዳው ፊት ቆመን የተባባልነውን እናስታውስ። አንዱ «ያ እስክሪብቶ ገደኛ ነው» አለ። ሌላው በፈተናው ዋዜማ እስከ ንጋት መቀመጡን አመሰገነ። ከሦስት ወር በፊት በየማታው ሁለት ሁለት ገጽ ማንበቡን ያነሣ ግን ከመካከላችን አልነበረም። ይህ ነገር ከአንጐላችን አሠራር ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ ጥቂት ልንል ወደድን።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ የተራቡ 8 ርግቦች ምንም ሠሩ ምን በተወሰነ ጊዜ ልዩነት እህል እንዲቀርብላቸው አደረገ። ከእነዚህም 6ቱ፣ እህሉ ሊመጣ ሲል ያደረጉትን እንደ ምክንያት ቈጥረው ይደጋግሙት ጀመር፤ አንዷ ትዞራለች፣ ሌላይቱ ራሷን ወደ ሣጥኑ ማዕዘን ትወረውራለች። እንግዲህ የጓደኛችን እስክሪብቶ ከርግቧ መዞር በምን ይለያል?

ከዚህ ተነሥተን አእምሮ የቅርቡን ብቻ ያያል እንዳንል፣ ጆን ጋርሲያና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጧቸው ጥናቶች ይከለክሉናል። አይጦች ጣፋጭ ውሃ ጠጥተው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቈይተው ቢታመሙ እንኳ ያንን ጣዕም ጠሉት። ሲጠጡ ብርሃንና ድምፅ ቢኖር ግን ሕመሙን በእነርሱ አላሳበቡም። የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲደርስባቸው ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ብርሃንና ድምፁን ፈሩ እንጂ ጣዕሙን አልተጠራጠሩም። ስለዚህ አእምሮ ችሎት ከመቀመጡ በፊት ተጠርጣሪዎቹን የመረጠ ዳኛ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ወደ ውስጠኛው ሥራ እንግባ። ሹልትዝ፣ ዳያንና ሞንታግ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳስረዱት፣ ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት የሚነቁት ያልተጠበቀ ጥቅም ሲመጣ ነው። ዝንጀሮው ምልክቱን ከለመደ በኋላ ሕዋሳቱ ለጭማቂው ሳይሆን አስቀድሞ ለሚታየው ምልክት ይነቃሉ፤ የተጠበቀው ጭማቂ ከቀረም ጸጥ ይላሉ። የምሥራቹ በዚህ ዓይነት ከውጤቱ ወደ ኋላ፣ ወደ መነሻው ይጓዛል። ችግሩ ግን ጊዜው አጭር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአይጥ አንጐል ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አሁን የሠራ የነርቭ መጋጠሚያ የሚጠነክረው ዶፓሚን በ2 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ሲደርስለት ነው። ሁለት ሴኮንድ ሦስት ወርን እንዴት ይሻገራል? በመካከል በሚገኙ ትንንሽ ምልክቶችና በትዝታ ካልሆነ በቀር መንገድ ያለው አይመስለንም። ለዚህ ነው በየሳምንቱ የሚሰጠውን አጭር ፈተና፣ ምንም ብናማርርበት፣ የማንጠላው።

ስሕተቱ በእስክሪብቶ ቢያበቃ መልካም ነበር። የወባ ትንኝ ከነከሰች በኋላ ትኩሳቱ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ቈይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ስንት ውሃ ይጠጣል፣ ስንት አየር ይተነፍሳል! ኢጣልያኖች በሽታውን «ክፉ አየር» ብለው የሰየሙት በዚህ ነው። ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ አገር ሳለ ተውሳኩን በትንኝ ሆድ ውስጥ እስኪያገኘው ድረስ ብዙ ሊቃውንት ሽታውን ይከሱ ነበር። ረግረጉን ስለ ሽታው ብለው ሲያደርቁት ትንኟም ትቀንስ ነበርና፣ የተሳሳተው አሳብ ትክክለኛ ውጤት እየሰጠ ለብዙ ዘመን ራሱን አጸና።