ቆዳው ቢድንም አጥንቱ ገና ነው

ልጄ፣ እንኳን በሰላም ከኦፕራሲዮን ወጣሽ። ሐኪሞቹ የሰጡሽ የመመሪያ ወረቀት ቦርሳሽ ውስጥ ታጥፎ እንዳለ እገምታለሁ። ታዛዥ ልጅ ነሽ፤ ነገር ግን አንዴ ከተሻለሽ የምትዘነጊ ነሽ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ መግል እያፈሰሰ፣ ተራው መስሚያ አልቀመጥ ብሎኝ ኖሬ፣ በኋላ እንዳንቺ ከአጥንት ጋር የሚያያዘው መስሚያ የተተከለልኝ ሰው ነኝ። ከኔ በኋላ የተሠራላቸውንም ብዙዎችን አይቻለሁ። ስለዚህ ጆሮሽን አውሺኝ።

1. ሐኪሙ የቀጠረሽ ቀን ሳይደርስ መስሚያውን አታድርጊ። ከጆሮሽ በስተኋላ፣ ርዝመቷ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር የሆነች የቲታኒየም ብሎን በራስ ቅልሽ አጥንት ውስጥ ገብታለች። ዛሬ ይዛ የቆመችው በጥርሷ ብቻ ነው። ውሎ አድሮ ግን አጥንትሽ ራሱ እያደገ ይጠጋትና ከብረቱ ጋር አንድ ይሆናል። ይህን ያስተዋለው ስዊድናዊው ተመራማሪ ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የደም ዝውውርን ለማጥናት በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባውን የቲታኒየም መሣሪያ ላውጣው ቢል አጥንቱ አልለቅ አለው። በ1965 ለሰው ጥርስ መትከያ አዋለው፤ በ1977 ደግሞ በጎተንበርግ ከተማ የጆሮ ሐኪሙ አንደርስ ቲየልስትረምና ባልደረቦቹ ለመስማት ተጠቀሙበት። ያንቺም ብሎን የዚያ ሥራ ልጅ ናት። ችግሩ ይህ የአጥንት ሥራ ሳያምሽ፣ ሳይታይሽ የሚካሄድ መሆኑ ነው። የላዩ ቁስል በሁለት ሳምንት ገደማ ይደርቃል፤ ያኔ «ድኛለሁ» ትያለሽ። አጥንቱ ግን ገና ነው። ለዐዋቂ ሰው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሦስት ወር ይጠበቃል፤ ለልጆች አጥንታቸው ስስና ለስላሳ ስለሆነ እስከ ስድስት ወር ሊዘልቅ ይችላል። ሐኪምሽ ቀኑን የቆረጠው ያንቺን አጥንት አይቶ ነውና የሌላ ሰው ቀጠሮ ለራስሽ አትውሰጂ። አፈሩ ሳይጠብቅ የተወዘወዘ ምሰሶ ቆሞ አይቀርም። ብሎኗ ከላላች ትወጣለች፤ ከዚያ ሌላ ቦታ እንደገና መበሳት ይመጣል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።

2. ፋሻውንና ከሥሩ ያለውን ጎዝ ራስሽ አትፍቺ። በራስሽ ዙሪያ የተጠመጠመው ትልቁ ፋሻ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይነሣል። ከብሎኗ ጋር ተያይዛ ከቆዳሽ የምትወጣ ብረት ካለችሽ፣ በእርሷ ላይ የተገጠመችው ትንሽ የፕላስቲክ ክዳንና በሥሯ የተጠቀለለው ጎዝ ግን ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ሥራቸው ቆዳውን ወደ አጥንቱ ተጭኖ መያዝ ነው፤ ያለ እነርሱ ደምና ፈሳሽ ከቆዳው ሥር ይቋጥራል። ክዳኗ ብትወድቅ አስቀምጫትና በዚያው ቀን ደውዪ። ነርሷ እስክትፈታልሽ ድረስ ራስሽን ውሃ አይንካው፤ ገላሽን ከአንገት በታች ታጠቢ። እናትሽ ጠበል ትጠመቅ ብትል አትቆጪ። ጠጪው፣ ሰውነትሽንም ተቀቢው፤ በራስሽ ላይ መፍሰሱ ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ።

3. ጠያቂ ሲመጣ በእጅሽ ሰላምታ ስጪ። የኛ ሰው ሲወድሽ ጉንጭ ለጉንጭ፣ ትከሻ ለትከሻ ይጋጭሻል፤ አንገትሽን አቅፎ ወደ ራሱ ይስብሻል። ያ ፍቅር ያረፈበት ቦታ ደግሞ ቁስልሽ ነው። ገና በሩ ላይ ሳሉ «በዚህ በኩል ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው» በያቸው፤ ማንም አይቀየምሽም። «እስቲ ላየው» ብሎ ጣቱን የሚሰድም አይጠፋምና እጁን በትሕትና መልሺ። ሌሊት በሌላው ጎንሽ ተኚ፤ እብጠቱ እንዲቀንስ ትራስሽን ከፍ አድርጊው። ለሁለት ሳምንት ያህል ጀሪካን አታንሺ፣ ሕፃን አትዘዪ፣ ስፖርትም ተዪ።

4. ማስታገሻሽን በሰዓቱ ውሰጂ። ሕመሙ ለብዙ ሰው ቀላል ነው፤ በጥቂት ቀን ይቀንሳል። አስፕሪን ግን ደም ያቀጥናልና ሳትጠይቂ አትዋጪ። ሐኪም አዞልሽ የምትወስጂው ከሆነ ደግሞ በራስሽ አታቋርጪው። በቁስሉ ዙሪያ ቆዳሽ ቢደነዝዝ አትደንግጪ፤ ስሜቱ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ወራት ሊወስድ ይችላል።

5. ከታዘዘልሽ ቅባት ሌላ ምንም አትቀቢ። ቅቤ፣ ማር፣ የተፈጨ ቅጠል፣ አልኮል፣ ሁሉም ይቅር። ጎረቤት «እኔ በዚህ ነው የዳንኩት» ቢልሽ የእርሱ ቁስል የተዘጋ ቁስል ነበር፤ ያንቺ ግን እስከ አጥንትሽ የሚወርድ በር ያለው ነው። አልኮል ደግሞ ቆዳውን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ እባክሽ ተዪው፤ አጥንት ከብረት ጋር የሚያያዝበትን ሥራ ያዳክማል። ስኳር ያለበት ሰውም ስኳሩን ይጠብቅ።

6. ማጽዳቱን የዕድሜ ልክ ሥራ አድርገሽ ያዢው። ይህን ነጥብ ከሁሉም በላይ አደራ እልሻለሁ። ብረቷ ከቆዳሽ ወጥታ የምትታይ ከሆነ፣ ቆዳው በዙሪያዋ ይድናል እንጂ ከላይዋ አይዘጋም፤ መዘጋትም የለበትም። በዚያች ጠባብ ዙሪያ የሞተ ቆዳ፣ የፀጉር ወዝና የሻምፑ ቅሪት ይሰበሰብና ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ሲቆይ ሥሩ ይረጥባል፤ እርጥበቱ ሲቆይ ይመግላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅሽን ታጥበሽ፣ በለብታ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ቅርፊቱን አለስልሺና በጎዝ በቀስታ አንሺው። በጥፍርሽ አትገንጥዪ፣ ደም ይወጣል። ቁስሉ በደንብ ከዳነ በኋላ ነርሷ ስትፈቅድልሽ በየቀኑ በጣም ለስላሳ በሆነ ብሩሽ የብረቷን ግርጌ ዙሪያዋን ጥረጊ፤ ብሩሹንም ሳይሻክር ቀይሪው። ስፍራው ለዐይንሽ አይታይምና የቤት ሰው ይይልሽ፤ ብቻሽን ከሆንሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ይህን ሥራ ዓመት ሙሉ በትጋት ሠርተው፣ ምንም ሳይሆኑ ሲቀሩ የተዉት ሰዎች አሉ። ምንም ያልሆኑት እኮ ስላጸዱ ነበር።

7. ያየሽውን አትደብቂ። ሐኪሞች በብረቷ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ከ0 እስከ 4 በሚሄድ ደረጃ ይመዝኑታል፤ 0 ደህና፣ 1 ቀላል መቅላት፣ 2 መቅላትና መርጠብ፣ 3 ሥጋ ማብቀል፣ 4 ብረቷን እስከማውጣት የሚያደርስ ኢንፌክሽን ነው። በ1 እና በ2 የመጣ ሰው ተጠርጎለት፣ ቅባት ይዞ ይመለሳል። 4 የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ «ነገ ይሻለኛል» ያለው ነው። ስለዚህ መግል፣ ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ የማይቆም ደም፣ ወይም ብረቷ ስትነካ መዞርና መነቃነቅ ካየሽ በዚያው ቀን ደውዪ። የላላው የላይኛው ብረት ይሁን የታችኛው ብሎን በእጅሽ ልታውቂው አትችዪም፤ ለማጥበቅም አትሞክሪ። በራስሽ ላይ ምት ካረፈም እንዲሁ። ጠባሳሽ ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ፣ ሐኪሞች ኬሎይድ የሚሉት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከአሁኑ ንገሪያቸው። ይህ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በብዛት ይታያል፤ ቆዳው በብረቷ ላይ መውጣት ሲጀምር ቶሎ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም ረዘም ባለ ብረት ይታከማል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

8. ፀጉርሽን አትሠሪ አልልሽም፤ ተጠንቀቂ ነው የምልሽ። ሹሩባ ስትሠሪ በዚያ በኩል ጠበቅ አይበል፤ የሚጎተት ቆዳ በብረቷ ዙሪያ አይረጋም። ቀለምና ስፕሬይ ቁስሉ ሳይድን አይቅረቡሽ፤ ከዚያም በኋላ መስሚያውን አውልቀሽ፣ ብረቷን ሸፍነሽ ይሁን። ነጠላሽ ወይም ሻሽሽ መስሚያውን ሲነካው ያፏጫል፤ ላላ አድርገሽ ተከናነቢ።

9. የተተከለልሽን ዕቃ ካርድ ከመታወቂያሽ ጋር ያዢ። የሠሪው ስም፣ ዓይነቱ፣ የተተከለበት ቀን ይኑርበት። ሩቅ አገር ታክመሽ ወደ ቤትሽ ከተመለስሽ ይህ ወረቀት ነው የሚናገርልሽ፤ አንዱ ኩባንያ የሠራውን በሌላው መፍቻ መፍታት ሁልጊዜ አይቻልምና። ኤም አር አይ ሲታዘዝልሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ከውጭ የሚደረገው መስሚያ ወደዚያ ክፍል ፈጽሞ አይገባም። የቲታኒየሙ ብረት ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለበትም፤ ከቆዳ በሚወጣ ብረት ፈንታ ከቆዳ ሥር ማግኔት የተቀበረላት ግን ጉዳይዋ ሌላ ነው፤ ባለሙያዎቹ የዕቃውን ዓይነት ሳያረጋግጡ አትግቢ። ያንቺ በማግኔት የሚያያዝ ከሆነ በየማታው ቆዳሽን እዪ፤ ከቀላ ወይም ካመመሽ ደከም ያለ ማግኔት ጠይቂ።

10. መስማትንም ታገሺው። መስሚያው በተገጠመ ቀን የሳህን ኳኳታ፣ የፍሪጅ ድምፅ፣ የራስሽ ንግግር ይጮኽብሻል። በአንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ አታድርጊው። ጸጥ ባለ ቤት፣ ከአንድ ሰው ጋር በመጨዋወት ጀምሪ፤ በየቀኑ ጨምሪ፤ ከዚያ ወደ ገበያውና ወደ ሰርጉ ሂጂ። የመስማት ባለሙያዋ ድምፁን ደግማ እንድታስተካክልልሽ ተመለሺ፤ በመጀመሪያው ልክ የሚረካ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ጆሮሽ ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቂ፤ መሣሪያው የሚያደርገው በማይሰማው ጆሮ በኩል የመጣውን ድምፅ በአጥንትሽ በኩል ወደ ደህናው ጆሮ ማሻገር ነው። ስለዚህ ከዚያ ወገን የጠራሽን ሰው ትሰሚያለሽ፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ ግን ሁልጊዜ አይለይልሽም። መንገድ ስትሻገሪ በጥሩምባው አትመሪ፤ ግራ ቀኝሽን በዐይንሽ እዪ።